ምዕራፍ 6፦ «ጠቅላላውን ንገረኝ»

አሜሪካ ውስጥ አዲስ መኪና ለሽያጭ ስትቀርብ መስታወቷ ላይ አንድ ወረቀት መለጠፍ ግዴታ ነው። ሕጉ የወጣው በ1958 ሲሆን ወረቀቱ ዛሬም የሚጠራው ሕጉን ባመነጩት የኦክላሆማ ሴናተር በማይክ መንሮኒ ስም ነው። ከዚያ በፊት ገዢው ፋብሪካው መኪናዋን ስንት እንደተመናት የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም፤ ዋጋው ሻጩ የጠራው ነበር። አሁን ወረቀቱ ፋብሪካው ያቀረበውን የመሸጫ ዋጋ፣ የተጨመሩትን ዕቃዎች፣ የማጓጓዣውን ሒሳብና መኪናዋ በአንድ ጋሎን ቤንዚን ስንት ማይል እንደምትሄድ ይዘረዝራል። መኪናዋ ገዢው እጅ ሳትገባ ወረቀቱን መገንጠል በፌዴራል ሕግ ያስቀጣል።

ይህን የመሰለ ወረቀት ፊት ለፊት ተለጥፎም፣ አንድ ዓይነት መኪና በአንድ ሳምንት ከአንድ ዲለር (የመኪና መሸጫ ድርጅት) የገዙ ሁለት ጎረቤታሞች በመጨረሻ የሚከፍሉት ገንዘብ በሺዎች ዶላር ሊለያይ ይችላል። ሁለቱም ግን ጥሩ እንደገዙ ያምናሉ። ቡና ላይ ሲገናኙ የሚጠያየቁት ስለ ወር ክፍያ ነውና። «ስንት ገባህ?» «በወር 480።» ንግግሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ለስንት ወር፣ በስንት ወለድ፣ ምን ምን ተጨምሮበት የሚለው ሳይነሳ ይቀራል።

በምዕራፍ 3 የቤት ብድር ሲተነተን ወለድ ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚያብጥ ታይቷል። በምዕራፍ 5 ደግሞ የክሬዲት ነጥብ ከየት እንደሚመጣና ምን እንደሚያስወስን ተብራርቷል። የመኪና ሽያጭ እነዚህን ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያገናኛል። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ አንድ ነው፦ ገዢው ሊደራደርበት የሚገባው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ታክሱም፣ የወረቀት ሥራውም፣ ሁሉም ነገር ተደምሮ መኪናዋን ከግቢው የሚያስወጣው ጠቅላላ ዋጋ። ቤንዚንና ኤሌክትሪክ የምታጣምረውን ሃይብሪድ መኪና በተመለከተ ይህ ሐሳብ ከተገዛችም በኋላ ይቀጥላል፤ ምክንያቱም ሃይብሪድ የዛሬውን ወጪ በነገው ነዳጅ ቁጠባ የምትመልስ መኪና ናት።

ወረቀቱ የሚናገረውና የሚተወው

ለምሳሌ ቶዮታ ካምሪን እንውሰድ። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ታክሲ ወይም ኡበር ለሚነዱ አበሾች ካምሪ የታወቀች መኪና ናት። ቶዮታ ከ2025 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ገበያ ሃይብሪድ ያልሆነች ካምሪ መሸጥ አቁሟል። ኤልኢ የምትባለው መነሻዋ ሞዴል ለገበያ ስትቀርብ ፋብሪካው የተመነላት ዋጋ 28,400 ዶላር፣ ማጓጓዣው ደግሞ 1,095 ዶላር ነበር፤ በድምሩ 29,495።

ይህ ገና መነሻ ነው። ታክሱ፣ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ)፣ ሰሌዳውና ዲለሩ «የወረቀት ሥራ» ብሎ የሚያስከፍለው ገንዘብ መስታወቱ ላይ አይጻፍም። በቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ታክስ ከመቶ 4.15 ነው። ገዢው ተከራክሮ መኪናዋን በ29,000 ዶላር ቢስማማና ዲለሩ ለወረቀት ሥራ 900 ዶላር ቢጠይቅ፣ ታክሱ በ29,900 ላይ ይሰላና 1,241 ዶላር ይሆናል። ለታይትልና ለሰሌዳ 100 ዶላር ይጨመር። ድምሩ 31,241። የአገሩ ሰው «አውት ዘ ዶር» የሚለው ይህን ቁጥር ነው። ገዢው «በ29,000 ገዛሁ» ይላል፣ ከኪሱ የሚወጣው ግን 31,241 ነው።

አንዳንድ ዲለር ጋ ከሕጋዊው ወረቀት አጠገብ ሁለተኛ ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል። መጠኑም፣ የፊደሉ አጣጣልም፣ የመስመሮቹ አሰላለፍም የመጀመሪያውን ይመስላል። ይህን ወረቀት የሚያዘጋጀው ራሱ ዲለሩ ነው። የጎማ ናይትሮጅን፣ የቀለም መከላከያ፣ የመስታወት ላይ ቁጥር ቀረጻ፣ አንዳንዴም «የገበያ ማስተካከያ» የሚል መስመር ይኖረዋል። ይህ የመጨረሻው መስመር በ2021 እና በ2022 የኮምፒውተር ቺፕ እጥረት መኪና ባስወደደበት ጊዜ በብዛት የታየ ነው፤ ትርጉሙም ፈላጊ ስለበዛ ዲለሩ የጨመረው ገንዘብ ማለት ነው። በሁለተኛው ወረቀት ላይ ያለ ነገር በሙሉ ድርድር የሚነካው ነው። ገዢው መጀመሪያ የትኛው ወረቀት የማን እንደሆነ ይለይ።

«ፋብሪካው በሰጠኝ ዋጋ ነው የምሸጥልህ፣ ምንም አላተርፍም» የሚል ሻጭም አለ። ፋብሪካው ለዲለሩ የሚልከው ደረሰኝ (ኢንቮይስ) በእርግጥ አለ። ነገር ግን ብዙ ፋብሪካዎች መኪናዋ ከተሸጠች በኋላ ከዋጋዋ ከመቶ 2 ወይም 3 ያህሉን ለዲለሩ ይመልሱለታል። ስለዚህ በደረሰኙ ዋጋ የሸጠ ዲለር ከሰረ ማለት አይደለም።

አራት ድርድር በአንድ ጠረጴዛ

በበዓል ዋዜማ በግ ተራ የወጣ አባወራ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። የበጉን ወገብ ይዳብሳል፣ ላቱን ያነሳል፣ ጥርሱን ያያል፣ ከዚያ አንድ ቁጥር ይጠራል። ነጋዴው ሌላ ቁጥር ይጠራል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ መሀል ላይ ይገናኛሉ፤ ብሩ ተቆጥሮ በጉ ይነዳል። ነጋዴው «በወር ስንት ትችላለህ?» አይለውም። ያለፈው ዓመት በግ ቆዳ ዋጋ ከዛሬው በግ ዋጋ ጋር አይቀላቀልም። ድርድሩ ስለ አንድ ነገር ነው፣ በአንድ ቁጥር ያልቃል። አበሻን በዚህ ዓይነት ክርክር የሚያህለው የለም።

ያው ሰው ዲለር ጋ ሲቀመጥ ግን የሚገጥመው ሌላ ነው። ሻጩ አንድ ነጭ ወረቀት አውጥቶ በመስቀል አራት ቦታ ይከፍለዋል። በአንዱ ሳጥን የአዲሷ መኪና ዋጋ፣ በሁለተኛው ገዢው ይዟት የመጣው አሮጌ መኪና ግምት፣ በሦስተኛው ቅድመ ክፍያ፣ በአራተኛው የወር ክፍያ ይጻፋል። በአሜሪካ የመኪና ንግድ ይህ ባለ አራት ሳጥን ወረቀት የቆየ የሥራ መሣሪያ ነው። በግ ተራ ላይ አንድ የነበረው ድርድር እዚህ አራት ሆነ፤ አራቱም እኩል ይካሄዳሉ።

ዘዴው ያለው ሳጥኖቹ በመያያዛቸው ላይ ነው። ገዢው ስለ አሮጌዋ መኪናው አጥብቆ ሲከራከር ሻጩ 1,500 ዶላር ይጨምርለታል። ገዢው ደስ ይለዋል። የአዲሷ መኪና ዋጋ ግን በዚያው ልክ ሳይነካ ይቀራል፤ ሊቀነስለት ይችል የነበረው ገንዘብ በሌላ ሳጥን በኩል ተሰጠው ማለት ነው። በአዲሷ ዋጋ ላይ ሲከራከር ደግሞ የወለዱ ጉዳይ ይረሳል። አራት ነገር በአንድ ጊዜ በአእምሮ ይዞ መከራከር ለማንም ይከብዳል፤ ሻጩ ግን በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ነው።

መፍትሔው አራቱን መለያየት ነው። ለአሮጌዋ መኪና አስቀድሞ ከሌላ ገዢ የጽሑፍ ግምት ማምጣት ይቻላል፤ ለምሳሌ ካርማክስ የተባለው መኪና ገዢ ኩባንያ የሚሰጠው ግምት ለ7 ቀን ይጸናል። ለብድሩ ከባንክ ወይም ከክሬዲት ዩኒየን ቅድመ ፈቃድ ይያዛል። ቅድመ ክፍያውን ገዢው ራሱ በቤቱ ይወስናል። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህች መኪና ሁሉም ነገር ተደምሮ ስንት ታስወጣኛለች? ይህንኑ ጥያቄ ለሦስትና ለአራት ዲለር በኢሜይል ልኮ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይቻላል። ሜሪላንድ ያለ ዲለር ለቨርጂኒያ ነዋሪ መሸጥ ይችላል፤ ታክሱ የሚከፈለው መኪናዋ በምትመዘገብበት ስቴት ነው። አሥር ማይል መንዳት የማይሰለቸው ገዢ ሰፊ ገበያ አለው።

47 ዶላር የምትደብቀው

«በወር ስንት መክፈል ትችላለህ?» የሚለው ጥያቄ አሳቢነት ይመስላል። ገዢው «500» ይላል እንበል። ብድሩ 30,000 ዶላር፣ ወለዱ ከመቶ 7 ቢሆን በ60 ወር የሚከፈለው በወር 594 ዶላር ነው። ከ500 በላይ ነው። ሻጩ ብድሩን ወደ 84 ወር ሲዘረጋው ክፍያው ወደ 453 ዶላር ይወርዳል። ገዢው ካሰበው በታች ነው፤ ይፈርማል።

ጠቅላላው ሲሰላ በ60 ወር የሚከፈለው 35,642 ዶላር ነው፤ በ84 ወር 38,034 ዶላር። ወር በወር የቀለለው ዕዳ በመጨረሻ ወደ 2,400 ዶላር ጨምሮ፣ ሁለት ዓመት ረዝሞ ይመጣል። በዚህ መሀል መኪናዋ ዋጋዋ እየወረደ ስለሚሄድ ገዢው ለረጅም ጊዜ መኪናዋ ከምታወጣው በላይ ዕዳ ይዞ ይቆያል። ያን ጊዜ አደጋ ቢደርስ ወይም ሥራ ቢቀየር ሸጦ መገላገል አይቻልም።

ከዚህ የሚብስም አለ። ገዢው 500 እችላለሁ ብሏል፣ ክፍያው 453 ነው። በመሀሉ 47 ዶላር ክፍተት ተገኘ። በ84 ወር በዚያው ወለድ 47 ዶላር ማለት ዛሬ 3,100 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ተጨማሪ ዕቃ ማለት ነው። የተራዘመ ዋስትና፣ የቀለም መከላከያ፣ ናይትሮጅኑም ሁሉ ተጨምሮ ክፍያው ገና 500 አይሞላም። ገዢው አንድም ነገር እንደተጨመረበት ሳያስተውል «ከጠየቅሁት አልበለጠም» ብሎ ይወጣል። የወር አቅምን አስቀድሞ መናገር የኪስን ጥልቀት ለሻጩ ማሳየት ነው።

ሻጩ የአገር ልጅ ሲሆን

በዋሽንግተን አካባቢ አማርኛ የሚናገር ሻጭ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ብዙ ሰው ሆን ብሎ ይፈልገዋል፤ እውነትም ጥቅም አለው። ውሉን በሚገባ ቋንቋ ያስረዳል፣ ቅር የሚያሰኝ ነገር ሲኖር ለመናገር ይቀልላል። ችግሩ ይሉኝታ ነው። «ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው» ያለን ልጅ አምስት ጊዜ ቀንስ ማለት ያሳፍራል። ኢሜይል አውጥቶ «ሌላ ዲለር ከዚህ በ900 ዶላር ይቀንስልኛል» ማለት ውለታ እንደመካድ ይመስላል። በግ ተራ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲከራከር የማያፍር ሰው እዚህ አንደበቱ ይያዛል።

የሻጩ ገቢ ከምን እንደሚመጣ ማወቅ ይህን ሸክም ያቀልላል። በብዙ ዲለሮች ሻጩ የሚያገኘው ኮሚሽን ከትርፉ ላይ ወይም በወሩ ከሸጣቸው መኪኖች ብዛት ነው። ዝቅ ባለ ዋጋ የተሸጠች መኪናም በወሩ ቁጥር ውስጥ ትገባለታለች፤ በወር መጨረሻ ላይ አንድ መኪና የጎደለው ሻጭ ለመስማማት የሚፈጥነው ለዚህ ነው። ዋጋውን የሚወስነውም በአብዛኛው እሱ ሳይሆን ከኋላ ያለው ሥራ አስኪያጅ ነው። ስለዚህ ገዢው ጨዋነቱን ሳይለቅ «ልጄ፣ ጠቅላላውን ጻፍልኝ፤ ቤት ሄጄ ከሰው ጋር አይቼው እደውልልሃለሁ» ቢል ማንንም አልበደለም። በጎ ሻጭ ይህን ሲሰማ ይጽፋል። የማይጽፍ ከሆነ ምክንያት አለው።

ሁለተኛው ክፍል

ዋጋው ላይ ከተስማሙ በኋላ ገዢው ወደ ሌላ ቢሮ ይወሰዳል። እዚያ ያለው የፋይናንስ ሠራተኛ ነው። ብዙ ሰው ድርድሩ አልቋል ብሎ ዘና የሚለው በዚህ ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ተቀምጧል፣ ልጆቹ ደክመዋል፣ መኪናዋ ታጥባ በር ላይ ቆማለች።

እዚህ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያው ጉዳይ ወለዱ ነው። ባንኩ ለገዢው ክሬዲት ከመቶ 7 ቢፈቅድ ዲለሩ ለገዢው 9 ብሎ ሊያቀርብለትና ከልዩነቱ ድርሻ ሊወስድ ይችላል። ይህ በብዙ ቦታ የተፈቀደ አሠራር ነው። በ30,000 ዶላር ብድር ላይ በ60 ወር የሁለቱ ልዩነት ወደ 1,720 ዶላር ይደርሳል፤ ገዢው አንድ ሰዓት ተከራክሮ ካስቀነሰው ሊበልጥ ይችላል። የክሬዲት ዩኒየን ቅድመ ፈቃድ የያዘ ሰው ግን ቁጥሩን አውጥቶ «ከዚህ ታሻሽላለህ?» ማለት ብቻ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ተጨማሪ ዕቃዎቹ ናቸው። ለጎማ ናይትሮጅን መክፈል አያስፈልግም፤ በነፃ የሚሞላው ተራ አየር ራሱ ከመቶ 78 ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ጋፕ የሚባለው መድን ግን ለአንዳንድ ሰው ይጠቅማል። መኪናዋ በአደጋ ብትጠፋ ኢንሹራንስ በሚከፍለው ግምትና በቀረው ዕዳ መካከል ያለውን ጉድለት ይሸፍናል፤ ትንሽ ቅድመ ክፍያ ከፍሎ ረጅም ብድር ለወሰደ ሰው ትርጉም አለው። ከመፈረም በፊት ግን የራስን የኢንሹራንስ ኩባንያ ስልክ ደውሎ ዋጋውን መጠየቅ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ይረክሳል። የተራዘመ ዋስትና የሚሸጥለት የኡበር ሹፌር ደግሞ ውሉ መኪናዋን ለሥራ ማዋልን ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ የማይሸፍኑ ብዙ ናቸው።

ሦስተኛው ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። «ብድሩ ነገ ይጸድቃል፣ አንተ ዛሬ መኪናህን ይዘህ ሂድ» የሚባል ነገር አለ። ከሳምንት በኋላ ስልክ ይደወልና ብድሩ በዚያ ወለድ አልተገኘም፣ ና በአዲስ ወለድ ፈርም ይባላል። አሮጌዋ መኪና ተሸጣ ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ወጥመድ ውስጥ ገባ። ብድሩ ተረጋግጦ ካላለቀ መኪናዋን ከግቢ አለማውጣት ነው የሚሻለው።

«በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚለው ወሬ በሐበሻው መካከል በሰፊው ይነገራል። ከዲለር ግቢ ለተገዛ መኪና እንዲህ ያለ የፌዴራል መብት የለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በታኅሣሥ (ዲሴምበር) 2023 አሳሳች የዋጋ ማስታወቂያንና ጥቅም የሌለው ተጨማሪ ዕቃ መሸጥን የሚከለክል ደንብ አጽድቆ ነበር፤ በጥር (ጃንዋሪ) 2025 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ደንቡን ሽሮታል።

የቋንቋውም ነገር ያሳስባል። በዋሽንግተን ዲሲ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተናን በአማርኛ መውሰድ ይቻላል። በ2004 የወጣው የከተማው የቋንቋ ሕግ ግን የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ነው፤ ዲለሩን አይነካም። ካሊፎርኒያ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በታጋሎግ፣ በቬትናምኛና በኮሪያኛ የተካሄደ ድርድር ውል በዚያው ቋንቋ ተተርጉሞ እንዲሰጥ ታዝዛለች፤ አማርኛ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ በአማርኛ የተነገረ ቃል ሁሉ በእንግሊዝኛው ውል ላይ ካልሰፈረ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ወይም ወዳጅ ይዞ መሄድ ለዚህ ቀን የሚገባ ጥንቃቄ ነው።

ሃይብሪዷ ምን ትመልሳለች?

መኪናዋ ቤት ከገባች በኋላ ጎረቤት የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «የት ነው የምትሰኳት?» የሚል ነው። እንደ ካምሪ ያሉ ሃይብሪዶች ሶኬት የላቸውም። ጉልበታቸው ሁሉ የሚመጣው ከቤንዚን ነው። ቁም ነገሩ ያንን ጉልበት አለማባከናቸው ነው።

አንድ ተራ መኪና በ30 ማይል ፍጥነት ስትሄድ ጉልበት ይዛለች። ቀይ መብራት ሲይዛት ሹፌሩ ፍሬን ይረግጣል፣ ሸራው ዲስኩን ይጨብጣል፣ ያ ሁሉ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይበተናል። መብራቱ ሲለቅ ሞተሩ ከዜሮ ለመነሳት እንደገና ቤንዚን ያቃጥላል። በሃይብሪድ ግን ፍሬን ሲያዝ ጎማውን የሚነዳው የኤሌክትሪክ ሞተር ወደ ዲናሞነት ይቀየራል፤ ጎማውን እየጎተተ ያቀዘቅዘዋል፣ ያመነጨውንም ኤሌክትሪክ ባትሪ ውስጥ ያስቀምጣል። ከመብራቱ የምትነሳው በዚያ ባስቀመጠችው ነው። ቤንዚን ሞተሩ የሚገባው ፍጥነት ሲጨምር ወይም ባትሪው ሲያንስ ነው።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። የ2024 ቤንዚን ካምሪ ኤልኢ በከተማ በጋሎን 28፣ በአውራ ጎዳና 39 ማይል ትሄድ ነበር። የ2025 ሃይብሪዷ በከተማ 53፣ በአውራ ጎዳና 50 ትሄዳለች፤ አማካዩ 51 ነው፣ በሊትር ወደ 22 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ተራ መኪና በከተማ ትጎዳለች፤ ሃይብሪድ በከተማ ትጠቀማለች፤ መቆምና መነሳቱ ባትሪዋን የምትሞላበት ዕድል ነውና። ከዲሲ መሀል ከተማ እስከ ሬገን አየር ማረፊያ ቀኑን ሙሉ የሚመላለስ ሹፌር ከዚህ የበለጠ የሚስማማው መኪና ለማግኘት ይቸገራል።

አነዳዱም ለውጥ ይጠይቃል። ዳሽቦርዱ ላይ ኃይል ሲወጣና ባትሪው ሲሞላ የሚያሳይ መርፌ አለ። ፍሬን ቀስ ተብሎ ከሩቅ ሲያዝ መርፌው ወደ መሙያው ክልል ይገባል። ድንገት ተረግጦ ሲያዝ ግን ዲናሞው ብቻውን ስለማይችል የተለመደው ሸራ ይገባል፣ ጉልበቱም ይባክናል። ቀይ መብራት ከሩቅ አይቶ እግሩን የሚያነሳ ሹፌር ነዳጅም ይቆጥባል፣ የፍሬን ሸራውም ዕድሜ ይረዝማል።

ክረምት ላይ ቁጥሩ እንደሚወርድ አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል፤ ብዙ ሰው በጥር መኪናዋ የተበላሸች ይመስለዋል። የመኪናዋን ውስጥ ለማሞቅ ቤንዚን ሞተሩ አዘውትሮ መነሳት አለበት፣ ባትሪውም በብርድ ይሰንፋል። የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ ቁጠባ መረጃ እንደሚለው የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን በአጫጭር የከተማ ጉዞ የሃይብሪድ ቁጠባ ከመቶ ከ30 እስከ 34 ሊቀንስ ይችላል። ጸደይ ሲመጣ ይመለሳል።

ከኋላ ወንበር ሥር

በሃይብሪድ ላይ የሚነሳው ትልቁ ፍርሃት የባትሪው ነው። ለዚህ የሚጠቀስ ጥሩ ምሳሌ አለ። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት በ2011 ወደ 206,000 ማይል የተነዳች የ2002 ቶዮታ ፕሪየስ ሃይብሪድ አግኝቶ ፈተነ፤ ከአሥር ዓመት በፊት አዲስ ሳለች ከፈተናት ተመሳሳይ መኪና ጋር አነጻጸራት። አዲሷ በጋሎን 40.6 ማይል ሄዳ ነበር፤ አሮጌዋ 40.4 ሄደች። ያን ያህል የተነዳ ባትሪ ሁሉ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ባትሪው በጥቂት ዓመት ያልቃል የሚለው ፍርሃት ከእውነቱ እጅግ የራቀ መሆኑን ያሳያል።

ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሃይብሪድ ባትሪ የ10 ዓመት ወይም የ150,000 ማይል ዋስትና ይሰጣል፤ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል። ሻጩ «አሥር ዓመት» የሚለውን አጉልቶ ይናገራል። በዓመት 40,000 ማይል ለሚነዳ የኡበር ሹፌር ግን ዋስትናው አራት ዓመት ሳይሞላ ያልቃል። ለ2 ዓመት ወይም ለ25,000 ማይል በነፃ የሚሰጠው ሰርቪስም ለእሱ ስምንት ወር እንኳ አይቆይም። ለእንዲህ ያለ ሰው ዋናው ሰዓት የማይል መቁጠሪያው ነው።

ባትሪውን የሚጠብቅ አንድ ቀላል ሥራ ደግሞ አለ። በካምሪ ባትሪው የሚገኘው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ የሚቀዘቅዘውም ከተሳፋሪው ክፍል በሚስበው አየር ነው። አየሩ የሚገባባት ወንፊት ከወንበሩ ግርጌ ትታያለች። ጎንበስ ብሎ ያያት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አቧራ፣ የብስኩት ፍርፋሪና የብርድ ልብስ ጥጥ ነው። ተሳፋሪ ኮቱን ወይም ሻንጣውን ሲደግፍባት ትታፈናለች፤ ስትታፈን ባትሪው ይሞቃል፤ ሙቀት ደግሞ የባትሪ ጠላት ነው። ከወንፊቷ ጀርባ ያለውን ማጣሪያ በየጊዜው ማጽዳት ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ውሻ ወይም ልጆች የሚጫኑባት መኪና ቶሎ ቶሎ ትታይ።

ሌላው በሐበሻው ላይ የሚደርሰው ነገር አገር ቤት ደርሶ ሲመለስ ነው። ሃይብሪድ ከትልቁ ባትሪ ሌላ ኮምፒውተሮቿን የሚያስነሳ ተራ የ12 ቮልት ባትሪ አላት። መኪናዋ ለሁለት ወር ዝም ብላ ከቆመች ይህ ትንሹ ባትሪ ይደክምና ትልቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናዋ አልነሳ ትላለች። ቁልፉን ለጎረቤት ትቶ በየሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት ያህል እንዲያስነሳት መለመን ይበቃል። እንደደከመ ከተገኘም እንደማንኛውም መኪና በኬብል ይነሳል፤ ባትሪው ተበላሸ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም።

ኢንሹራንስና ዓመታዊ ክፍያም በሒሳቡ ውስጥ ይግቡ። ቨርጂኒያ ነዳጅ ከሚቆጥቡ መኪኖች ላይ የሚጎድልባትን የነዳጅ ታክስ ለማካካስ ከ2020 ጀምሮ ሰሌዳ ሲታደስ አነስተኛ የመንገድ ክፍያ ታስከፍላለች። የኡበር ሹፌር ደግሞ ተራው የግል መኪና ኢንሹራንስ በሥራ ላይ የደረሰን አደጋ አብዛኛውን ጊዜ እንደማይሸፍን አውቆ ተጨማሪውን ይግዛ።

ለማን ያዋጣል?

በካምሪ ላይ ምርጫው ስለተዘጋ ሒሳቡን በታናሽ እህቷ በኮሮላ መሥራት ይቀላል። የ2025 ኮሮላ ኤልኢ በቤንዚንም በሃይብሪድም ትሸጥ ነበር፤ በፋብሪካው ዋጋ ልዩነታቸው 1,500 ዶላር ነበር። ቤንዚኗ በአማካይ በጋሎን 35፣ ሃይብሪዷ 50 ማይል ትሄዳለች። ጋሎኑ 3.20 ዶላር ቢሆን፣ በዓመት 40,000 ማይል የሚነዳ ሹፌር ወደ 1,100 ዶላር ይቆጥባል፤ ልዩነቱን በ16 ወር ገደማ ያካክሳል። በዓመት 15,000 ማይል የምትነዳ የቢሮ ሠራተኛ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅባታል። ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ብቻ 6,000 ማይል የሚነዱ ጡረታ የወጡ አባት ግን ዘጠኝ ዓመት ይጠብቃሉ።

እነዚህ ዓመታት የሚቆጠሩት ግን ልዩነቱ 1,500 ላይ ከቆመ ነው። ዲለሩ በሁለተኛው ወረቀት 2,000 ዶላር ከጨመረባት የቢሮ ሠራተኛዋ ዓመታት ከሦስት ተኩል ወደ ስምንት ተኩል ይረዝማሉ። ስለዚህ ዲለር ከመሄዳችሁ በፊት ያለፉትን ሁለት ዓመታት የኢንስፔክሽን ወረቀቶች አውጡና በመካከላቸው ስንት ማይል እንደነዳችሁ አንብቡ። ከዚያ ጠቅላላ ዋጋውን በጽሑፍ ከሦስት ዲለር ጠይቁ። የማይጽፍላችሁ ጋ አትግዙ።